«መስኮቱ ጋ ላሉት ስጧቸው»

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከልቤ ነው። ጉንፋን እንኳን እንዳይዝዎ፣ ጉልበትዎን እንዳያምዎ፣ ወደ ቢሮዎ ሲወጡ ትንፋሽ እንዳያጥርዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስዎ በሚመሩት ሆስፒታል ለመታከም የሚያስገድድ ነገር ፈጽሞ እንዳይገጥምዎ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት የተመኘልዎ ሰው እስከ ዛሬ ካልነበረ፣ የእኔን በትልቁ ይያዙልኝ።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ ላስታውስዎ። ከእናቴ ጋር ቢሮዎ የመጣሁት፣ ለእናቴ በገዛ እጅዎ ወንበር ሲስቡላት ከጀርባዋ ቆሜ የቀረሁት ልጅ ነኝ። በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ሌሎች የጻፉትን እያነበብኩ የተጣመመውን ቃል ማቃናት ሥራዬ ነው። ወደ እርስዎ የመጣሁትም ስለ አንድ ቃል ነበር። እርስዎ ስለ ታናሽ እህቴ «ሕክምናዋን ያቋረጠችው ራሷ ናት» አሉ። እኔ ደግሞ አላቋረጠችም፣ ተቋረጠባት እንጂ አልኩ። ፈገግ ብለው «ያው ነው እኮ እህቴ፤ የቃላት ጉዳይ ነው» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያው አይደለም። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው ያው አለመሆኑን ለማስረዳት፣ በዚያውም እስከ ዛሬ ሳላመሰግንዎ የቀረሁባቸውን ውለታዎች በቅደም ተከተል ለማመስገን ነው። በአካል ልነግርዎ ብዙ ሞክሬ ነበር፤ ጸሐፊዎ ግን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች። እህቴም ያንኑ ስብሰባ ስትጠብቅ ስለነበር፣ መጨረሻው እንደማይታይ ከእሷ ተምሬ በጋዜጣ በኩል መጣሁ።

አንደኛ፦ ስለ መድኃኒቱ አመሰግናለሁ።

እህቴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የምታጠናው ሥነ ሕይወት ነው። «ናት» የምለው አንደበቴ «ነበረች» ማለትን ገና ስላልለመደ ነውና እንዳያርሙኝ። ከጉልበቷ ከፍ ብሎ የአጥንት ካንሰር ተገኘባት። አባታችን አልጋ ላይ ከዋለ ስለቆየ እናቴ ከትውልድ ከተማችን ንቅንቅ ማለት አትችልም፤ ስለዚህ እህቴ እኔ ጋ ሆና በእርስዎ ሆስፒታል መታከም ጀመረች። ከሚሰጧት መድኃኒቶች ዋነኛው ዶክሶሩቢሲን ይባላል፤ በክፍሉ ውስጥ ግን ይህን ስም የሚጠራ የለም። ሁሉም «ቀዩ» ነው የሚለው። ብርሃን እንዳያገኘው ተሸፍኖ ይመጣል፤ በደም ሥር ቀስ እያለ ይገባል፤ ገብቶም ቀለሙን አይተውም። መጀመሪያ የወሰደች ዕለት ሽንቷ ቀልቶ ስታየው ከመጸዳጃ ቤቱ እየጮኸች ወጣች፤ አስቀድመው ነግረዋት ነበር፣ ረስታው ነው። ከዚያ የራሷ ጩኸት አሳቃትና ሌሎቹ ታካሚዎች እስኪደነግጡ ድረስ ሳቀች።

መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ለክፍሉ ያስረዳችው እሷ ናት። በጣቷ ብርድ ልብሷ ላይ እየሳለች፣ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ መሰላል አለ አለቻቸው፤ ዲኤንኤ ማለት እሱ ነው። ሴሉ ለሁለት ሊከፈል ሲል መሰላሉ ከመካከሉ ተፈትቶ እንደ ጽሑፍ ይገለበጣል። ቀዩ ታዲያ ሄዶ በመሰላሉ እርከኖች መካከል ጥልቅ ብሎ ይቀመጣል። ያን ጊዜ መሰላሉ በወጉ አይፈታም፣ አይገለበጥም፤ ሴሉም መከፈል አቅቶት ባለበት ቆሞ ይሞታል። መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ የተኙት የልብስ ስፌት መምህርት የነበሩ ጡረተኛ፣ መነጽራቸውን ሲተኙም ስለማያወልቁ ክፍሉ በሙሉ እማማ መነጽር የሚላቸው፣ በጥሞና ሲሰሙ ቆይተው ጠየቁ። «እና ዝም ብሎ ቁጭ ነው?» «ቁጭ ነው፣ እማማ።» «ሌላ ሥራ የለውም?» «የለውም። መሃል መንገድ ላይ ይቀመጥና ምንም ጉዳይ አላሳልፍም ይላል።» እማማ መነጽር ትንሽ አሰብ አደረጉና «ታዲያ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ነዋ!» አሉ።

ይቅር ይበሏቸው። የክፍሉ ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ አፏን በክንዷ ሸፍና ስትስቅ ታይታለችና እሷንም ይቅር ይበሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዩ ተሸፍኖ ሲመጣ ከአልጋ አልጋ «ተነሡ፣ ሥራ አስኪያጁ መጡ» ይባል ነበር።

ለእርስዎ ፍትሐዊ ልሁንና፣ በእርስዎና በመድኃኒቱ መካከል ልዩነት አለ። ቀዩ ጤነኛውን ከበሽተኛው ለይቶ አያውቅም፤ ቶሎ ቶሎ የሚከፈለውን ሴል ሁሉ ያቆማል፦ የፀጉርን ሥር፣ የአፍን ውስጥ፣ ደም የሚመረትበትን መቅኒ። ለዚህ ነው ሐኪሞቹ ሰጥተው ሦስት ሳምንት ያህል የሚታገሡት። ጤነኛው እንዲያገግም ይጠብቁታል፤ ካንሰሩ ሳያገግም ደግሞ ይመለሳሉ። የጥበቡ ግማሽ ያለው በመመለሱ ላይ ነው። ካልተመለሱ የሚያገግመው ማን እንደሆነ ለመገመት ሥነ ሕይወት ማጥናት አያስፈልግም። ቀዩ ቢያንስ ሥራውን የሚያቆመው ሌላ ሰው ሲያቆመው ነው።

እህቴ ፀጉሯ ሲረግፍ «ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ለቀቀ» አለች። አፏ ቆስሎ ውሃ እንኳን ሲያቃጥላት በምልክት ትቀልድ ነበር። ቀጠሮ ግን አሳልፋ አታውቅም። ዕጢው መቀነስ ጀመረ፤ ሐኪሟም «እግርሽን ሳንቆርጥ የታመመውን አጥንት ብቻ የምናወጣበት ተስፋ አለ» አለቻት። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ በክራንቿ የደረጃውን ብረት እየመታች ወረደች፤ ሙዚቃ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ አክብሮትዎ አመሰግናለሁ።

በዚያው ሰሞን የአክብሮት ዘመቻ አወጁ። በየኮሪደሩ የእርስዎ ፎቶግራፍ ያለበት፣ «ታካሚያችን ክቡር ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ታካሚን በስሙ መጥራት ድፍረት ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ በአንቱታ ብቻ እንዲያነጋግር፣ ከየአልጋው ራስጌ የተንጠለጠለው የስም ካርድም የታካሚን ክብር ስለሚነካ እንዲነሣ አዘዙ። ተነሣ። ቀድሞ ሲስተር ከበሩ ላይ ሆና ስም ስትጠራ ባለስሙ «አቤት» ይል ነበር። ከዘመቻዎ በኋላ ሰው ሁሉ «እሳቸው» ሆነ። «የእሳቸውን ሙቀት ለኪ»፣ «እሳቸውን ወደ ራጅ ውሰዷቸው» ይባላል፤ የትኞቹን እሳቸው እንደሆነ በአገጭ ይጠቆማል። አንድ ቀን ሁለት እሳቸዎች ተቀያይረው፣ እግራቸውን የታመሙት የጆሮ ክፍል ደርሰው መጡ። ሳቅንበት። ያኔ የሚያስቅ ነገር ይመስል ነበር።

ከአንቱታዎ ያመለጠችው እህቴ ብቻ ነበረች። ሲስተር ስለምትወዳት «አንቺ ቀልደኛ» እያለች ነው የምትጠራት። አንድ ጊዜ መመሪያውን ለማክበር «እንዴት አደሩ?» ብትላት፣ እህቴ ወደ ኋላዋ ዞራ ማን እንደገባ ፈለገች።

ሦስተኛው ምስጋና ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

ቀዩ ከመጋዘን እያለቀ መሆኑን የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ አስቀድሞ ነግሮዎታል። «በሂደት ላይ ነው» አሉት። ደግሞ ነገረዎ። ሂደቱ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ አንድ ጠርሙስ ብቻ ቀረ፤ በዚያ ዕለት ደግሞ ተራቸው የደረሰው ሁለት ነበሩ፣ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን የተኙት እማማ መነጽርና እህቴ። ሐኪሟ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። ከመሄዷ በፊት ግን ቁጭ ብላ አስልታ፣ ጠርሙሱ ለሁለቱም እንደሚበቃ አረጋግጣ ነበር። ሲስተር ደወለችላት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እህቴ ግን ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና ሰምታዋለች። «ዶክተር፣ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው ያለን፤ የዛሬውን ምን እናድርግ?» «አታስቢ፣ ይበቃል። መስኮቱ ጋ ላሉት ስጧቸው» አለችና ወደ ሥልጠናዋ ገባች።

ክቡር ሆይ፣ ሙያዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። በቋንቋችን አንድን ሰው ስናከብር እንደ ብዙ ሰው አድርገን ነው የምንናገረው። «ላሉት ስጧቸው» ማለት መስኮቱ ጋ ላሉት ለሁለቱ ሰዎች ስጡ ማለት ነው። መስኮቱ ጋ ላሉት ለአንዲት ትልቅ ሴት ስጡ ማለትም ነው። ሁለቱም ትክክል ነው፤ እኔ ራሴ ቢቀርብልኝ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣበትም። አንዱን ከሌላው የሚለየው የሰው ስም ብቻ ነው። ስሙን ደግሞ እርስዎ አስነሥተውታል።

እህቴ ዝም አላለችም። «እኔንም ጭምር ይሆናል እኮ፣ ሲስተር» አለች። «አይ የኔ ቆንጆ፣ አንቺን ቢሆንማ 'ለዚያች ቀልደኛ ስጧት' ነበር የሚሉኝ። 'ላሉት' ያሉት እማማን ነው። ያንቺ ለሚቀጥለው ይሆናል።» «እስቲ ደግመሽ ደውዪላት።» ሲስተር ደወለች። ስልኩ ተዘግቷል። እንደገና ደወለች። ተዘግቷል። የመድኃኒት ክፍሉም የታዘዘለትን የአንድ ሰው መጠን አዘጋጅቶ ላከ፤ አንዴ የተከፈተ ጠርሙስ ውሎ ስለማያድር የተረፈውን በደንቡ መሠረት አስወገደው። የእህቴ ቀይ በመጣያው ውስጥ ወደ ማቃጠያው ሄደ።

ሐኪሟ በማግሥቱ ስትመለስ ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። «ሁለቱንም ነው ያልኩት! ሁለቱንም!» ሲስተር ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የእርስዎ ፎቶግራፍ ከበላይዋ ፈገግ ብሏል።

እማማ መነጽር ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ድርሻሽን ወሰድኩብሽ» አሏት። እህቴ ምን ብትላቸው ጥሩ ነው? «የኔን የወሰደው የቆሻሻ ቅርጫቱ ነው፣ እማማ። እሱ እንግዲህ በሕይወቱ ካንሰር አይዘውም።» አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሳቁና፣ ሳቁ ሳይወጣላቸው ወደ ልቅሶ ዞረባቸው።

አራተኛ፦ ጥፋተኛዋን ፈጥነው ስላገኙ አመሰግናለሁ። ሲስተርን በዚያው ሳምንት ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አዛወሯት። አንሶላ በስሙ ስለማይጠራ እዚያ ስህተት አትሠራም ብለው ይሆናል። መድኃኒቱ እያለቀ መሆኑን እያወቁ «በሂደት ላይ ነው» ሲሉ የቆዩትን ግን የት እንዳዛወሯቸው አልሰማሁም፤ በቦታቸው እንዳሉ ይወራል። የአክብሮት ዘመቻዎም ሽልማት እንዳገኘ ሰምቼ እንኳን ደስ ያለዎ ለማለት እወዳለሁ።

አምስተኛ፦ ደረጃዎቹን ስለሠሩልን አመሰግናለሁ።

አዲሱ ቀይ እስኪመጣ ሐኪሟ ባላት ሌላ መድኃኒት ትከላከል ነበር፤ እህቴ ደግሞ ወደ እርስዎ ቢሮ ትወጣ ጀመር። ሊፍቱ «በጥገና ላይ» ስለነበር በደረጃው ነው፤ ክራንቹን በአንድ ብብቷ ይዛ፣ በሌላው እጅ ብረቱን ጨብጣ፣ በየመታጠፊያው እያረፈች። እኔ ሥራ ያልገባሁ ቀን እከተላታለሁ፤ ልደግፍሽ ስላት «ተይኝ፣ የበሽተኛ ምልክት ካየ ጭራሽ ይሸሻል» ትለኛለች። ላይ ስትደርስ ስብሰባ ላይ ነዎት። ወርዳ ስትመለስ «ዛሬም መሰላሉ መሃል ተቀምጧል» ትለኝና ጉልበቷን በፎጣ ትጠቀልላለች።

ለእናቴ በስልክ የምትነግራት ሌላ ነበር። «ደህና ነኝ እማ፣ ሐኪሞቹ ዕረፍት ሰጥተውኝ ነው» ትላታለች። የአባቴን ጎን ስታገላብጥ የምትውል ሴት ላይ ሌላ ጭንቀት ላለመጨመር ነው። ይህን «ዕረፍት» እባክዎ ያስተውሉልኝ፤ በኋላ ለእርስዎ ጠቅሞዎታል።

ቀዩ በመጨረሻ መጣ። ሲመጣ እህቴ ሌላ ስም ተሰጥቷት ቆየችው። ለካ ሁለት ቀጠሮ ያለፈው ታካሚ «አቋራጭ» ይባላል፤ በምን ምክንያት አለፈው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አቋራጭ የተባለ ሰው መድኃኒቱን እንደገና ለመጀመር የቁርጠኝነት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቁርጠኛ መሆኑን ማሳመን አለበት። ኮሚቴው የሚሰበሰበው አባላቱ ሲሟሉ ነው፤ የማይሟሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእርስዎ ምክንያት ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «አቋራጭ አሉኝ! ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት በየትኛው አቋራጭ ነው?»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ለጥቂት መስመር ይቋረጥብኛል።

በዚያ የጥበቃ ጊዜ የእህቴ ፀጉር ማደግ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ኮክ ፍሬ ቆዳ ለስለስ ያለ ነገር፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ። ያየ ሁሉ ደስ ይለዋል። የሰፈራችን ባለ ሱቅ «እሰይ፣ ድነሻል ማለት ነው!» አላት። የማተሚያ ቤቱ ባልደረቦቼ ማበጠሪያ ገዝተው ላኩላት። እሷ ግን መስታወት ፊት ቆማ በመዳፏ መላልሳ ታሸዋለች። የሚከፈለው ሁሉ እንደገና መከፈል እንደ ጀመረ፣ ፀጉሯ ካደገ ሌላውም እያደገ መሆኑን ከመላው ቤታችን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ተላጭታ ጠበቀችኝ። «ለምን?» ብላት «ቀዩ ሲመጣ ሥራ እንዳይበዛበት ብዬ» አለችኝ።

ሳሉን መጀመሪያ ጉንፋን አልነው። ራጁ ከሳንባዋ ላይ ያሳየው ግን ጉንፋን አልነበረም። ሐኪሟ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጋ ሳታወርደው ብዙ ቆየች። አክስታችን አባቴን ተረክባላት እናቴ ስትደርስ እህቴ አረፍተ ነገር መጨረስ አትችልም ነበር። ትንፋሿ ለሁለት ቃል ይበቃታል፤ ሦስተኛውን እኛ እንሞላላታለን። አላዋቂ አራሚ ሆኜ ስንቱን ቃል ተሳስቼ እንደሞላሁባት አላውቅም። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በመጋረጃው ላይ ሳለ፣ እናቴ እግሯን እንደያዘችላት እህቴ ሞተች።

ስድስተኛና የመጨረሻ፦ ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ።

ከቀብሩ በኋላ እናቴ የልጄን ነገር ከትልቁ ሰው አፍ ልስማ ስላለች እየጎተትኩ አመጣኋት፤ እውነቱን ለመናገር የጎተተችኝ እሷ ናት። እርስዎም ያን ዕለት ስብሰባ አልነበረዎትም። ተነሥተው ወንበር ሳቡላት፣ «እናቴ» አሏት፣ ውሃ አስመጡላት፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው በዝግታ እንዲህ አሏት፦ «እናቴ፣ ሆስፒታላችን ያላደረገው የለም። ግን ልጅዎ ሕክምናዋን አቋረጠች። ወጣቶች ናቸው፣ ይሰለቻቸዋል፤ ያማል እኮ፣ አይፈረድባቸውም።» እንዴት የሚያምር አነጋገር ነው። አይፈረድባቸውም ብለው ፈረዱባት።

እኔ ከጀርባ ጮህኩ። እናቴ «ዝም በይ፣ ሰውዬው በአክብሮት እያናገሩኝ ነው» አለችኝ።

ያን ቀን የሆነውን ልንገርዎ፤ ለካስ አያውቁትም። እናቴ አመነችዎት። እህቴ «ዕረፍት ሰጡኝ» እያለች በስልክ የነገረቻት ትዝ አላትና፣ ዕረፍቱ መሰልቸት ሆኖ ተተረጎመላት። እኔ ብነግራት «አንቺማ እህትሽ ናት፣ ትሸፍኚላታለሽ» ትለኛለች። የእህቴን ልብሶች ስታጥፍ ትቆይና ድንገት አንዱን ሹራብ ይዛ «ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበር፣ ልጄ? ትንሽ ብትታገሺልኝ?» ትለዋለች። በፍቅር ነው የምትለው፤ እሱ ነው የሚከፋው። ልጇን በሞት ማጣቷ ሳያንስ፣ ያቺን ከቶ ታክቷት የማታውቅ ልጇን ትታኝ ሄደች ብላ እንድታዝንባት አድርገዋታል። ካንሰሩ የወሰደብን እህቴን ነው። እርስዎ የወሰዱባት እህቴ ማን እንደነበረች ነው።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህ ነው። ካሣ አልጠይቅም። ይቅርታም አልጠይቅም፤ ይቅርታዎ እንደ መድኃኒትዎ ቀኑ ካለፈ በኋላ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሲስተርን ወደ ቦታዋ ይመልሷት፣ የስም ካርዶቹን መልሰው ይስቀሏቸው ብዬም አልጨቀጭቅዎትም፤ ይህን ሐኪሟ እየጮኸችልዎ ነው፣ ሰሚ ካገኘች። እኔ የምፈልገው አንድ ቃል እንዲያርሙልኝ ብቻ ነው። በእናቴ ፊት «አቋረጠች» ያሉትን፣ በእናቴ ፊት «ተቋረጠባት» ይበሉልኝ። ሁለቱን የሚለየው ጥቂት ፊደል ነው። የመጀመሪያው ልጄ ጥላኝ ሄደች የሚል ነው፤ ሁለተኛው ልጄን ወሰዱብኝ የሚል። እናቴ ሁለተኛውን መሸከም ትችላለች። የመጀመሪያው ነው ያጎበጣት። ለእኔ አንቱ ማለትም አያስፈልግዎትም፤ አንቺ ይበሉኝ፣ ከፈለጉ ይስደቡኝ፣ ቃሉን ግን ያርሙልኝ።

ውድ ጊዜዎን በዚህ ረጅም ደብዳቤ ስላባከንኩ፣ በሚመሯቸው ስብሰባዎች ሁሉ ላይ ትዕግሥትና ምቹ ወንበር እየተመኘሁ፣ ፎቶግራፍዎ ባለበት ግድግዳ ሁሉ አጠገብ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሳትደገፍ የምትወጣ፣ ሁለት ጤነኛ እግሮች ስላሏት የምታፍር አገልጋይዎ ነኝ።

የአቋራጯ ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦

ደብዳቤውን ለጋዜጣው ላስረክብ ስል የእህቴ ስልክ ጠራ። እናቴ እንዳይዘጋ ስለከለከለች ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ ነው። አነሣችው። እንግዳ ድምፅ ስለነበር ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ከእርስዎ ኮሚቴ የተደወለ ነው። ደዋይዋ ልጅ እግር ናት፣ ደስታዋ ከአፏ ቀድሞ ይወጣል፤ ያናገረቻት እህቴን መስሏታል። «አንቺ፣ ጸደቀልሽ እኮ! ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው፤ ስንቴ ደረጃውን እየወጣሽ ጠይቀሽን፣ ላብሽ እየተንጠባጠበ። ነገ ነይ፣ ካልመጣሽ አቋረጠች ይሉሻል፣ እሺ?» እናቴ «እሺ» አለች። ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ትመላለስ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሹራቡ ጭኗ ላይ ነበር። «በዚያ እግሯ?» አለች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ልቅሶ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ የጠበቅኩት ልቅሶ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከላይ የለመንኩዎትን ቃል መናገር አያስፈልግዎትም፤ በስብሰባዎ ይቀጥሉ። ስልክ የደወለችልንን ልጅ ግን አደራዎን እንዳይቀጧት። ከዚያ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ ለእናቴ እውነቱን የነገረቻት እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ሳታውቅ ነው።